እርሾ የማያስቀር ጋጋሪ

ከገበያ ስመለስ የባለቤቴን አባት፣ ዳቦ ጋጋሪውን አማቴን፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው ተረተር ላይ መጥረቢያ ይዘው አገኘኋቸው። ትልቋ ልጄም ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ደርሳባቸው ፊታቸው ተገትራለች። ሕግ ስለምትማር አያቷ "ጠበቃዋ" ይሏታል።

"ጠበቃዋ፣ ዞር በይ፤ ምድጃው ማገዶ ይፈልጋል።"

"አባባ፣ ይሄ እኮ ገና ለጋ ነው። ያልደረሰ ዛፍ አይቆረጥም፤ የደረሰውን የቆረጠም ይተካል ይላል ሕጉ።"

"ሕጉ የወጣው ትናንት፤ እኔ የምጋግረው አባትሽ ሳይወለድ ጀምሮ! የዛሬው ሰው ዳቦውን ይብላ። የነገን ነገ ያውቃል።"

ምራት ነኝና የገበያ ዘንቢሌን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። ግን ተረተሩ በተራቆተ ቁጥር ጎርፉ ይብሳል፤ ባለፈው ክረምት ግድግዳችን ሲሰነጠቅ የትንሹን ልጄን አልጋ ወደ መሃል ቤት ስቤዋለሁ። ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ነፍስ አይቀርልኝም።

በማግስቱ አማቴን ወገባቸውን አመማቸውና ሊጡን ልጄ አቦካች። ኩፍ ሲል መጥተው የእርሾውን ማሰሮ ከፈቱ፤ ባዶ!

"አንቺ ልጅ! ሁሉንም ጨመርሽው?"

"ዳቦው እንዲያምር ብዬ ነዋ።"

"ምኑ ያምራል! ነገ በምን ልታቦኪ ነው? እርሾ የማያስቀር ጋጋሪ የት አየሽ? ከእናቴ የተረከብኩት እኮ ነው፤ የእኔ ብቻ መሰለሽ?"

"የነገን ነገ ያውቃል ብለው የለ፣ አባባ?"

አማቴ ባዶውን ማሰሮ እንደያዙ ወደ እሷ ዞሩ። "ይሄ ሕግ ነው ተንኮል?"

"ሕጉማ እርስዎ ዕድሜ ልክዎን የሠሩበት ነው። የዛሬው ሰው ይጠቀም፤ ለሚመጣው ግን እርሾ ያስቀር። ተረተሩም የጋራችን ማሰሮ ነው።"

እኔ ፈሪዋ፣ ልጄን ስለማውቃት፣ አስቀድሜ አንድ ስኒ እርሾ ደብቄ ነበር። ሳወጣላቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና ሳቃቸው መጣ። "እናትና ልጅ መክራችሁ ልትገድሉኝ ነበር! በይ ምራቴ፣ ፊደል ቆጥረሽ የለ፣ ያንን ቀበሌው በራችን ላይ የለጠፈውን የዛፍ ሕግ አንብቢልኝ።" በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላቸው። ሲያልቅ "ድገሚው" አሉኝ።

ወገባቸው እንደተሻላቸው ችግኝ ተከሉ። አሁን የደረሰውን ብቻ ይቆርጣሉ፤ ምድጃው ሳይበርድ ደራርበው ስለሚጋግሩ ማገዶውም በረከተላቸው። ችግኙ ሥር ሲሰድ አፈሩ ረጋ፣ ጎርፉም አደብ ገዛ። ጎረቤት ሲጠይቃቸው "ለልጅ ልጄ እርሾ ላስቀር ብዬ ነው" ይላሉ፤ እሷ ያስተማረቻቸውን መልሰው ለእሷ ሲያስተምሩም አያፍሩም።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲያባራ የተጠገነውን ግድግዳ በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። የትንሹን አልጋ ወደ ቦታው መለስኩ።