ስደተኛ የሌለበት ቤት

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪና አንድ ሽማግሌ ያወራሉ።

«ምንድን ነው የምትማሪው ልጄ?»

«የዓለም ቀውስ እንዴት እንደሚፈታ ነው አባባ። አሁን የሱዳንን ጦርነት ይዘናል።»

«እሱማ ደጃችን ነው።»

«መምህራችንም ድንበሩ ላይ ወዳለችው ኩርሙክ ላከን። በየቤቱ ስንት ስደተኛ እንደተጠጋ ጠይቁ አለን።»

«ስንት አገኛችሁ?»

«ሁሉም ቤት የለም አሉን።»

«ሰዉ እንዲያ እየጎረፈ?»

«እኔም ገርሞኝ ነበር። አንዲት እናት ቤት ምሳ ቀርቦ ስንበላ ግን፣ ገበታውን ከከበበው ሰው ግማሹ ከሱዳን የመጣ ነው። ታዲያ እነዚህስ ብላት፣ ‹ስደተኛ ያለው ካምፕ ነው፤ እነዚህ ልጆቼ ናቸው› አለችኝ።»

ሽማግሌው ወደ ተማሪዋ ዞር አሉ።

«እኛንም በድርቁ ዘመን ከወሎ አምጥተው እዚህ ሲያሰፍሩን፣ መጀመሪያ ያበላችኝ አንዲት የበርታ እናት ናት። እስክትሞት ድረስ ልጄ እንዳለችኝ ነው። ውለታዋን በምን እከፍላለሁ?»

«ስሟን ይንገሩኝና ጥናቴ ውስጥ ላስገባው።»

«እማዬ ነበር የምላት። ሌላ ስም አላውቅላትም።»

ባምባሲ ስንደርስ በሩ አጠገብ የነበርኩት እኔ ብሆንም፣ ሽማግሌው ቀድመውኝ እስኪወርዱ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።