አራተኛዋ ልጅ

ከሳጉሬ ወደ አሰላ በሚኒባስ ስንመጣ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ለጓደኛዋ በስልክ እንዲህ ስትል ሰማኋት።

«ሦስቱን ልጆች ልኬያቸዋለሁ። አራተኛዋ ደክሟታል፤ እሷን ነገ እልካታለሁ።»

አጠገቧ የነበሩት እናት ዞሩባት።

«ወዴት ነው የምትልኪያቸው?»

«አቤት እማማ?»

«ልጆቹን ነዋ! ደላላ ነሽ አይደል? ሾፌር፣ ፖሊስ ጣቢያ አቁምልኝ!»

«ኧረ እማማ፣ ጌም ነው! ስልክ ላይ የምንጫወተው። ይኸው፣ ይዩት።»

«እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?»

«አስማት ያላቸው ልጆች ናቸው። እኔ አለቃቸው ነኝ። ጭራቅ እንዲዋጉ እልካቸዋለሁ፤ ሲመለሱ አበላቸዋለሁ፣ አስተኛቸዋለሁ።»

«ይቺ የተኛችውስ?»

«እሷ ናት የደከማት። አሁን ልላካት ብል እንኳን ጌሙ እምቢ ይለኛል።»

«ያ ረቢ! ደክሟታል ብሎ?»

«አዎ።»

እናትየው ስልኩን አልመለሱላትም።

«የኔዋም ከአረብ አገር ደውላ ‹እማዬ፣ ደክሞኛል› አለችኝ። ‹ቻይው› አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይነሳም።»

«እማማ...»

«ይቺን ነገም እንዳትልኪያት።»

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ አለፍኩት።