መግቢያው የሚረዝም ዘፈን

ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌና አንድ ወጣት ተቀምጠዋል። ሾፌሩ ዘፈን ከፍቶ ነበር፤ የዋሽንቱ መግቢያ ሲረዝምበት ሊቀይረው እጁን ሰደደ።

«ተወው፣ ይጨርስ!» አለ ወጣቱ።

«ዘፈን ትወዳለህ መሰለኝ፣ ልጄ» አሉት ሽማግሌው።

«ስልኬ ሙሉ ዘፈን ነው፣ አባባ። እስከ መጨረሻው የሰማሁት ግን ጥቂቱን ነው። መግቢያው ከረዘመ አልፈው ነበር። የወደድኳቸውን ሴቶችም እንደዚሁ አደረግኳቸው።»

«ስንት ናቸው?»

«ሦስት። አንዷን ገና ስንኮራረፍ ተውኳት። ሁለተኛዋ ‹ትምህርቴን ልጨርስ› ስትለኝ መጠበቅ ታከተኝ። ሦስተኛዋ ቤት ሽማግሌ ልኬ፣ አባቷ ‹እንመካከር፣ ሌላ ቀን ኑ› ቢሉ እምቢ ያሉኝ መስሎኝ ቀረሁ።»

«አይ አንተ! በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሚሰጥ ማን አለ? ወጉ እኮ ነው!»

«ዘግይቶ ገባኝ። እሷ ግን ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው እምቢ ብላ ተቀምጣለች። አሁን ይቅርታ ልጠይቃት እየሄድኩ ነው፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹን መልሼ እልካለሁ።»

«አባቷ ተቀይመው እንደገና ቢመልሷቸውስ?»

«ሌላ ቀን ይሄዳሉ።»

«ያን ቀንም ቢመልሷቸው?»

«እኔው ራሴ ደጃቸው እቀመጣለሁ። ይኸው፣ ዘፋኙ ገና አሁን ጀመረ። ይስሙት እስቲ!»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ግን «ወራጅ አለ» አላልኩም።