የዶክተሯ አጎት
ፓርኪንግ የምሠራበት ሕንፃ ላይ ክሊኒክ ያላት አኒታ የምትባል ሕንዳዊት ዶክተር አለች። ሀብታም ቤተሰቦቿ ባል ሊመርጡላት ሲያጣድፏት «ለአንድ ምሳ ቦይፍሬንዴ ሁንልኝ» አለችኝ። ኦኬ አልኳት። ከሕንድ የመጡትን አጎቷን ይዘን ፌርፋክስ ከተማ ያለ ሐበሻ ምግብ ቤት ገባን። የማውቃት አስተናጋጅ በአማርኛ «ይቺ ደግሞ ማናት?» ስትለኝ፣ «የውሸት ፍቅረኛዬ ናት። እኔ ግን የምሬን ወድጃታለሁ» አልኳት።

አጎትየው እንጀራቸውን እየጠቀለሉ፣ ጥርት ባለ አማርኛ «ታዲያ ለእሷ ለምን አትነግራትም?» አሉኝ። ለካ በወጣትነታቸው ጅማ ሒሳብ አስተማሪ ነበሩ! «ጋሼ፣ እኔኮ መኪና ነው ፓርክ የማደርገው» አልኳቸው። «እሱን አልጠየቅኩህም» አሉኝ። አኒታ «ምንድነው ያሉህ?» ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት። እጄን ያዘችኝ። አጎቷ ፊት እንዳላፍር ብላ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱም ግን አልለቀቀችኝም።