የበሬው አምስተኛ እግር

ተቀመጡ፣ ተቀመጡ፤ አጭር ነው። ጋሼ አረጋን ወደ ጡረታ እንድሸኝ እኔ የተመረጥኩት ስለምወደድ አይደለም፤ ሌላ ሰው ቢናገር ስለማቋርጠው ነው።

የሽኝት ንግግር "መጀመሪያ የመጡ ዕለት" ተብሎ ነው የሚጀመረው። ጋሼ መጀመሪያ የመጡ ዕለት እኔ አልተወለድኩም። ስለዚህ እኔ የመጣሁ ዕለት ልበል። ከሒሳብ አስተማሪዬ ጋር ተጣልቼ ከዘጠነኛ ክፍል ወጣሁ። መንግሥት ደግሞ "በሬ በግምት መሸጥ ገበሬንና ባለ ልኳንዳን አጣላ፤ በኪሎ ይሁን" ብሎ ለከብት ገበያችን ትልቅ ሚዛን ላከ። ሚዛን አንባቢ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ከቁጥር የሸሸሁት ልጅ! የገበያው አስታራቂ ጋሼ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ስምሽ ማነው?"

"እድላዊት።"

"ቁጡ ነሽ አሉ።"

"ማነው ያለው? ስሙን ይንገሩኝ!"

"በቃ፣ ገብቶኛል።"

አስታራቂነታቸውን ታውቁታላችሁ። ባለ ልኳንዳው "ሊመዘን ሲል ጨው አብልቶ ውኃ አጠጥቶብኛል፤ የምገዛው ውኃ ነው!" ይላል። ገበሬው "በሬዬን ሰደበው!" ይላል። ጋሼ ምንም አይፈርዱም። "ይታሰር፤ እስኪሸና እንጠብቅ" ብለው ሁለቱንም አንድ አግዳሚ ላይ ያስቀምጧቸዋል። በሬው ያዘገየ ቀን ታዲያ፣ የተጣሉት ሰዎች ልጆቻቸውን ስለመዳር ሲጫወቱ ትሰማላችሁ። እኔማ በሬው ላይ እጮሃለሁ፤ "ቶሎ በል እንጂ!"

"ተይው እድላዊት፣ ሲቆጡት ይይዘዋል።"

አንዴ ጋሼ ታመው ቀሩና እኔ ላስታርቅ ገባሁ። ሁለት ሆነው ተጣልተው መጥተው፣ ሦስት ሆነን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን።

አሁን ሳቁን ተዉልኝ። የማታውቁት ነገር አለ። አምና የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ገበያ። አያ ሙሉሃብት፣ ያው እዚያ ጥግ ተቀምጠዋል፣ ያደለቡትን በሬ ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል ነድተው መጡ። የዚያን ቀን ካልተሸጠ ጾሙን ሙሉ የደከሙበት ቀረ። ጋሽ ውቤ ባለ ልኳንዳው፣ ይኸው ፊት ለፊቴ፣ በሬውን ዞረው አዩና "ይሄ በሬ ነው ወይስ ቆዳ የተሰጣበት አጥር?" አሏቸው። ሰው ሳቀ። አያ ሙሉሃብት አቀረቀሩ። እኔ ነደደኝ። ሚዛኑን ሳነብ አንድ እግሬን በሬው የቆመበት መደብ ላይ ጫን አደረግኩ።

ጋሼ ቁጥሩን ሊጽፉ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ "በሬ ስንት እግር አለው?"

"አራት።"

"እኔ አምስት ቆጠርኩ።"

እግሬን ሳነሳ ቁጥሩ ወረደ። ጋሽ ውቤ አዩት። "ሚዛኑ ሌባ ነው! ከእንግዲህ በኪሎ አልገዛም!" ሌሎቹም ባለ ልኳንዳዎች ተከተሏቸው። ጋሼ ቀና ብለው፣ "ሚዛኑስ ደህና ነው። ሳይረጋ አይቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዓይኔ ደክሟል" አሉ። በሬው እንደገና ተመዝኖ ተሸጠ። ግምገማ ላይም ይህንኑ ደገሙት፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ፋይላቸው ገባ። "ግለ ሂስ ያለው?" ሲባል፣ አፌ የማይዘጋው እኔ ጫማዬን ሳይ ዋልኩ።

በኋላ "ለምን?" አልኳቸው።

"ሚዛኑ ከተጠላ ሰዎቹ ወደ ዱላቸው ይመለሳሉ። አንቺ ከተባረርሽ ወዴት ትመለሻለሽ?"

ይኸው ከዚያ ወዲህ ገበያው "ዓይነ ፈዛዛው አረጋ" ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት አስታርቀው በዚህ ስም ሊወጡ! አይሆንም። ጋሼ፣ ይቀመጡ፤ "ተይው" ሊሉ እንደሆነ አውቃለሁ። አልተውም።

ግለ ሂሴ ይኸው፣ ዓመት ዘግይቶ፦ ዓይናቸው አልደከመም። ሚዛኑም አልሰረቀም፤ እኔ ነኝ። ጋሽ ውቤ፣ ይቅርታ። አያ ሙሉሃብት፣ ይቅርታ፤ በሬዎ የእኔ እግር አያስፈልገውም ነበር። አለቃችን፣ ማስጠንቀቂያውን ነገ ከጋሼ ፋይል አውጥተው እኔ ፋይል ውስጥ ይክተቱት። የቀን ሠራተኛ ስለሆንኩ ፋይል እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ ይከፈትልኝ።

ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ጠባዬን ፈርቶ ሲሸሸኝ እርስዎ ከጎንዎ አቆሙኝ። አመሰግናለሁ። ይህንን ሳልቆጣ ነው የተናገርኩት፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

በሉ ብርጭቆ አንሡ፤ የእኔ ለስላሳ ነው፣ ግድ የለም። ጋሼ፣ ጉልበትዎ ይጽና፤ ሰው ሲገላግሉ ያጡትን እንቅልፍ እግዜር ይካስዎ፤ ደጅዎ ሰላም ይሁን። ጋሽ ውቤ፣ ብርጭቆው ከበደዎት እንዴ? ያንሱ እንጂ...

እሰይ! አነሡ። ለጋሼ አረጋ! ለጤናዎ!