«የገዛሁት አራት ሊትር ነው!»

አማን ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ የሞተር ዘይት ላስቀይር ተራ ይዣለሁ። ከእኔ በፊት የነበሩት መምህር የገዙትን ባለ አራት ሊትር ዘይት ለመካኒኩ እየሰጡ፣ «እኔ እያየሁ ጨርሰህ ጨምረው! የተረፈውን ልትሸጠው ነው?» አሉት።

«ጋሼ፣ ይቺ ትንሽ መኪና ከሦስት ተኩል በላይ አትይዝም። ከበዛባት ሞተሯ ይጎዳና ማጂ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ይቀራሉ።»

«የገዛሁት አራት ነው!»

መኪናችን አንድ ዓይነት ስለሆነ የእኔን መመሪያ መጽሐፍ አምጥቼ ልኩን አነበብኩላቸው።

«አንተ ደግሞ ጠበቃው ነህ?» አሉኝ።

መካኒኩ ሦስት ተኩሉን ጨምሮ መለኪያውን አሳያቸውና የተረፈውን አስታቅፎ ሸኛቸው።

ተራዬ ደረሰና እኔም የገዛሁትን ባለ አራት ሊትር ሰጠሁት። የእኔንም ሞልቶ ክዳኑን እንደዘጋ፣ «የተረፈው የታለ?» አልኩት፤ ሳላስበው።

መካኒኩ አልገረመውም። የተረፈውን ቀድሞ የመኪናዬ ወንበር ላይ አስቀምጦልኝ ነበር።