የሀቢቾዋ ዘመድ ኪኒን

«ሊዱዬ፣ እስቲ መስኮቱን ከፈት አድርጊው። ዘንድሮ ደግሞ ሙቀቱን ምን ነካው? ዱራሜ ስንደርስ ይሻለን ይሆናል… ጎመንሽስ እንዴት ነው፣ ያዘልሽ? የኔን የጎረቤት ዶሮዎች ጨረሱት።»

የገነቴ ድምፅ ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ሲሰማ ሠላሳ ዓመት የኖረ ነው፤ ከእንግሊዝኛ መምህርነቷ ጡረታ ወጥታም ዝቅ አልል ብሏል። ከሊዲያ ጋር ጎን ለጎን የተሳፈሩበት ሚኒባስ ሆሳዕና መናኸሪያ ቆሞ ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል። የሚሄዱት ዱራሜ ለሚካሄደው የእህቶች ኮንፈረንስ ነው። ጋቢና፣ ከሾፌሩ ጎን፣ የእህቶች ኅብረት ሰብሳቢዋ አዜብ ተቀምጣለች። መጽሐፍ ቅዱሷን ዘርግታ የምታነብ ትመስላለች እንጂ ከጀርባዋ የሚባለው አንድም ቃል አላመለጣትም። ገነቴ ስለ ጎመን ለማውራት ይህን ያህል እንደማትጮህ ታውቃለች።

«አንቺ ግን ምነው እንዲህ ከሳሽ? ዓይንሽም ጎድጉዷል። “ክፍል ውስጥ ላብ በላብ ሆና ጠመኔው ከእጇ ወደቀ” ሲሉኝ አንጀቴን በላሽኝ። ያን ኪኒን የጀመርሽ ጊዜ እኮ ሦስት ሳምንት እንደ ሰው ተኝተሽ ነበር! ሐኪሙስ ዝም ብሎ ነው እንዴ የሰጠሽ? ደም ግፊትሽን ለክቶ፣ ጡትሽን መርምሮ፣ በቤተሰብሽ ምን በሽታ እንዳለ ጠይቆ፣ “የማረጥ ነው፣ ይህ ሆርሞን ይስማማሻል” ብሎ አይደል? ግን ምን ይደረግ… ትምህርት መጣ። ያቺ የተባረከች እህት መድረክ ላይ ወጥታ፣ “ጌታ የዘጋውን በኪኒን የምትከፍቱ ንስሐ ግቡ” አለች። ስም ጠራች? ኧረ አልጠራችም! እሷ እቴ ሰው አታሳፍርም። “አራተኛ ክፍል የምታስተምር አንዲት እህት” ብቻ ነው ያለችው። ከጉባኤያችን አራተኛ ክፍል የምታስተምር ስንት ሰው አለ… አንቺ ብቻ? እሱ እንግዲህ የሷ ጥፋት አይደለም።»

አዜብ ያላነበበችውን ገጽ ገለጠች። ያን ቀን ጉባኤው አሜን ሲልላት ደስ ብሏት ነበር። ሊዲያ ነገሩን ያጫወተቻት በምስጢር፣ ጸልዪልኝ ብላ ነው። የሊዲያ ባል ሲላስ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነውና ከጉባኤው እንደተመለሰ ኪኒኑን ከመሳቢያ አውጥቶ ሽንት ቤት ጨመረው። አዜብ ይህንንም ሰምታለች፤ «ጌታ ይክሳታል» ብላ አለፈችው።

«እኔ ሲላስን አልቀየመውም። ታዛዥ ሰው ነው፣ የሰማውን ፈጸመ። ለማን እንደማዝን ታውቂያለሽ? ለሀቢቾዋ ዘመድ። ስለሷ አልነገርኩሽም እንዴ? ያቺው እህታችን አንድ ቀን ቤቴ መጣች፣ ከአዲስ አበባ በሾፌር እጅ የተላከላትን ካርቶን ታቅፋ። “እንግሊዝኛው አልገባኝም፣ ይህቺን የመድኃኒት ወረቀት አንብቢልኝ፣ ሀቢቾ ላለች ዘመዴ ነው” አለችኝ። መነጽሬን ሰካሁና አነበብኩላት። አይ የዘመድ ፍቅር! “ማታ ማታ ላቡ ባይለቃትስ? አንድ ቀን ብትረሳስ? ጡቷን ከበድ ቢላትስ?” ስትል አመሸች። እኔ የገዛ እህቴን የሚያማት ግራ ጉልበቷ ይሁን ቀኙ ገና አልለየሁም… እሷ የዘመዷን ላብ በጠብታ ታውቀዋለች!

አምና ታስታውሻታለሽ አይደል? በሐምሌ ብርድ ሹራብ ስታወልቅ፣ ስትለብስ፣ ጸሎት መሃል በመዝሙር ደብተር ስታራግብ? አሁንስ? ረጋ ብላለች፣ ፊቷም ጠርቷል። ይህ ተአምር አይደለም? ዘመድየዋ ሀቢቾ ሆና ትውጣለች፣ ላቡ ለእህታችን ሆሳዕና ላይ ይቆምላታል! እንዲህ ያለ አንድነት በየትኛው ቤተ ክርስቲያን አለ?»

ከኋላ ወንበር ሁለት እህቶች ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ። አዜብ ፊቷ ጋለ፤ ይህኛው ሙቀት በኪኒን የሚበርድ አልነበረም። ዞር ብላ «ገነቴ፣ ይብቃሽ» ልትል ከንፈሯን አላቀቀች። «ምነው እህቴ፣ ስላንቺ ነው እንዴ የማወራው?» ብትባልስ? አፏን መልሳ ዘጋችና ቦርሳዋን ወደ ሆዷ አስጠጋች። የዛሬዋን ኪኒን ከቁርስ ጋር ውጣታለች፤ የነገዋና የተነገ ወዲያዋ ቦርሳው ውስጥ ናቸው። አፈረች፣ ግን ከማፈሯ ይልቅ መናደዷ በለጠ።

«ኮንፈረንሱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የምመኘው። ምስክርነት ሲጠየቅ ያቺ እህት ብድግ ብላ፣ “ዘመዴ ሐኪም ዘንድ ሄዳ፣ ተመርምራ፣ በመድኃኒቱ ተሽሏታል፤ ጌታንም አልካደች” ብትል። ሲላስ የሐኪም ቃል ባይሰማ የሷን ይሰማል። አንዲት ቃል ትበቃው ነበር… ግን አታደርገውም። ትሑት ናት። ምስጢር መጠበቅ ደግሞ እንዴት ታውቅበታለች መሰለሽ… የዘመዷን ከሆነ።»

ረዳቱ በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋው፣ ሾፌሩም ሞተር አስነሳ። ሊዲያ አንገቷን ደፍታ ሶፍት ስታፍተለትል ቆይታ ቀና አለች። ሾፌሩ ፊት ያለው መስተዋት ውስጥ አዜብና ሊዲያ ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ አዜብ ቶሎ ብላ ወደ መንገዱ ዞረች። ገነቴ ይህንንም አየች። የሊዲያን ጉልበት እየደባበሰች ድምፅዋን አለሰለሰችው፣ እስከ ጋቢና ግን እንዲደርስ አድርጋ።

«ለማንኛውም እኔ ስም አልጠራሁም፣ ሰውም አላማሁም። ጌታ ይባርካት! ጤናዋን ይጠብቅላት፣ ኪኒኑም አይቋረጥባት… ለዘመዷ ማለቴ ነው። ማታ ጋደም ስትል እንቅልፏን ያጣፍጥላት። ሊዱዬ፣ አንቺ ያጣሽውንም እንቅልፍ ደርቦ ለሷው ይስጥልን… አሜን በይ እንጂ።»